አሠልጣኙ ዘንድ ሽማግሌ የላክን ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ናሆም ቴሌቪዥኑ ላይ ጫማ ሊወረውር ምንም አልቀረው። የሚደግፈው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በድራፍቱ፣ ቡድኖቹ በየተራ አዳዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ቀን ማለቴ ነው፣ ማንም ያልጠበቀውን ልጅ ጠራ። «ዳዲ፣ እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው? ማኔጅመንቱን ትረስት አድርጉ ይሉናል። ምኑን ነው ትረስት የማደርገው?» ብሎ ሰፈራችንን ባልድዊን ሂልስን በጩኸት አናጋው። ዝም በል ልለው ስል የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በሃያ አራት ዓመቴ እኔ ከእሱ እብስ ነበር።

ያኔ ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ከዳዊት ጋር ተጋርተን እንኖር ነበር። ዳዊት ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የኮሚኒቲያችን የእግር ኳስ ቡድን አጥቂ ነው። እኔ ኳስ ሲሰጡኝ መሬቱን ነው የምመታው፤ በደጋፊነት ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። በየዓመቱ ሰመር ላይ የየከተማው የሐበሻ ቡድኖች የሚገናኙበት ውድድር ስላለ፣ ለእሱ አሥራ ስምንት ሰው ይመረጣል። በዚያ ዓመት እስከ ግንቦት ካገባነው ጎል አብዛኛው የዳዊት ነበር።

አሠልጣኛችን ጋሽ ታደሰ የተመረጡትን በእጃቸው ጽፈው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ግሮሰሪ መስታወት ላይ ለጠፉት። ሰኔ ነው፤ ማለዳው ደመና፣ የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ ፓርክ በተደረጉት መኪኖች ላይ ረግፎ ተጣብቋል። ዝርዝሩን አንዴ አነበብኩት፤ ደገምኩት። ዳዊት የለም! በእሱ ቦታ ከወር በፊት በዲቪ የመጣ ልጅ ገብቷል፤ እሱም የጋሽ ታደሰ የእህት ልጅ ነው። በስመ አብ! ደሜ ፈላ።

ምሳ የሚበሉበት ሬስቶራንት ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ዓይነት ምርጫ ነው?»

«እመነኝ» አሉኝ ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ።

«ምክንያቱን ይንገሩኛ!»

«እመነኝ አልኩህ እኮ ልጄ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ምክንያት ሳይነገረው ዝም ብለህ እመን ሲባል እንዴት አይበግን? ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ማታ ለዳዊት ስነግረው አልጋው ላይ እንደተጋደመ «ተወው ባክህ፣ ይቅርብኝ» አለኝ። ጨዋነቱ መስሎኝ ይባስ ተቃጠልኩለት።

ሌላ አገር ሰው ቢሆን ፊርማ ያሰባስባል፣ ወይም ሜዳ ላይ ይጮኻል። እኛ ምን አደረግን? ሽማግሌ ላክን! ለጋብቻ፣ ለእርቅ እንደሚላከው፣ ለአጥቂ ሦስት ሽማግሌ! መሪያቸው ባለ ግሮሰሪው አባባ ወልዴ ናቸው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ሬስቶራንቱ ገቡ፤ እኔም ዳዊትን እየጎተትኩ ተከተልኳቸው። የሰኔ ጾም ስለነበር በያይነቱ ቀርቧል፤ ሽሮው ገና ይንተከተካል። ጋሽ ታደሰ ብድግ ብለው ወንበር ቢስቡላቸው እንቢ አሉ።

«አንቀመጥም ታደሰ። ዳዊትን አስገባዋለሁ ካላልከን እህልም አንቀምስም።»

«አባባ፣ በሌላ በፈለጉት ነገር ይምጡብኝ። ይሄን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ሽበታችንን ልታሳፍር ነው?»

ቆሙ። ሽሮው በረደ። አስተናጋጇ በጎናቸው በጭንቅ እየሾለከች ታልፋለች። ጋሽ ታደሰ ሽማግሌዎቹን ትተው ዳዊትን አዩት፤ ረዥም ጊዜ። አባባ ወልዴም ዞር ብለው «አንተስ ልጄ፣ ካስገባህ ትጫወትልናለህ?» አሉት። ዳዊት አንገቱን እንደደፋ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ምን እላለሁ» አለ። ጋሽ ታደሰም «እሺ፣ ይግባ» አሉ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ አመሰገንኩ።

በመጀመሪያው ግጥሚያ፣ ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ዳዊት ማንም ሳይነካው ዞር አለና ወደቀ። እንደዚያ ዓይነት ጩኸት ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። ቀድመው የደረሱት ጋሽ ታደሰ ነበሩ።

«ነግሮኝ ነበር እኮ!» አሉ እያለቀሱ። «ጉልበቴ ታሟል፣ ቫኑን የሚያሠሩኝ ከሰሙ ያባርሩኛል፣ ለማንም አይናገሩ ብሎ አስምሎኝ ነበር እኮ!»

ጉልበቱ ተቀደደ፤ ኳስም በዚያው ቀረ። ፍሬን መርገጥ ስላቃተው የፈራው አልቀረለትም፣ ቫኑም ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድ ቀን ሆስፒታል ሳደርሰው «ለምን እንቢ አላልክም?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሦስት ሽማግሌ ፊትህ ቆሞ? አንተ ትል ነበር?» አለኝ። እኔ ግን ለስንት ዓመት ጋሽ ታደሰን አማሁ። ምናለ ጨክነው እንቢ ቢሉ? አሠልጣኝ አይደሉም እንዴ?

ይሄን ሁሉ ለናሆም ነገርኩት። ድራፍቱን ረስቶ አዳመጠኝ።

«ሶ፣ ጥፋቱ የኮቹ ነዋ? ሌላ ማንም አያውቅማ» አለ።

አዎ ልለው ነበር። ስንት ዓመት ያልኩት እሱን ነው። ግን የዳዊትና የእኔ አልጋ ክንድ እንኳ አይራራቅም ነበር። ያን ወር ሙሉ ከሥራ ሲመለስ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጋደማል። የቀለጠውን ውኃ እየተራመድኩ ነበር ወደ አልጋዬ የማልፈው።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩት። «በየማታው አይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነህ ነው አላልኩትም፤ ጎን ለጎን ተጋድመን ስለ ዝርዝሩ ነበር የማወራው።»