የአጎቴ የእጅ ሰዓት

ከአባቴ ተጣልቼ ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ፣ አጎቴ በየማለዳው አሶሳ ወዳለችው ኮምፒውተር ቤቴ ይመጡ ነበር። «ሰዓቴ ዛሬም ዘገየብኝ፤ ካንተ ላስተካክል» ይላሉ።

ኔትወርክ ጠፍቶ ሲሰነብት የኮምፒውተሮቼም ሰዓት ይዛነፋል። ሲመለስ ውስጣቸው ያለው ፕሮግራም ትክክለኛውን ሰዓት ከሩቅ ሰርቨር ተቀብሎ ያርመዋል፤ ግን በአንዴ አይጎትተውም፣ ቀስ በቀስ ነው። እኔ ችኩል ነኝና በእጄ ልቀይረው እነሳለሁ።

«አብሽር ልጄ፣ ተወው። የራቀ እንዲህ ነው የሚመለስ» ይሉኝና በረንዳው ላይ ካለችው ዱካ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የአባቴን ስም አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

አጎቴ አርፈው ለለቅሷቸው አባቴ ቤት ስገባ ሰዓታቸውን አባቴ ራሱ በእጄ አኖረልኝ። ከዚያም ጎን ለጎን ተቀመጥን።

አሁን ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተር ቤቴ ጭር ይላል። ዱካዋን ከበረንዳው ማንሳት አቃተኝ። ሰዓታቸውን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጬ ስከታተለው ሰነበትኩ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይዘገይም።

ታዲያ አጎቴ፣ በየማለዳው ምን ሊያስተካክሉ ነበር የሚመጡት?