እናቴ የለመነቻት የግብፅ እመቤት

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር፣ ዛሬም ደረጃ ሳጥብ፣ እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። የእናቴ እጅ ሽታ ነዋ! እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር በነበረ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጣቢ ነበረች። እኔም ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አግዛት ነበር። እንግሊዝኛዬን የለቀምኩት እንግዶች ጥለዋቸው ከሚሄዱት መጻሕፍት ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል።

አንድ ጠዋት ከተለቀቀ ክፍል፣ አልጋ ሥር፣ ውሃ የነካው ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ አገኘሁ። ገና ስገልጠው እናቴ አንዷን ሥዕል አየችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ሕፃን ታቅፋ የምታጠባ ሴት ናት። ዓይኖቿ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ትልልቅ፣ ከራሷ በላይ ክብ ፀሐይ።

«ፀሐይን የተጎናጸፈችው! እመቤቴ!» ብላ ተሳለመቻት። ገጿን ቀድጄ ወሎ ሰፈር ያለችው ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት።

ያኔ ቤሩት ለሥራ የሄደችው ታላቅ እህቴ ድምጿ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሥዕሏ ፊት ቆማ፣ «አንቺም እናት ነሽ፤ የልጄን ድምፅ አሰሚኝ» ትላለች። እህቴ ከደወለች ለቤተ ክርስቲያን ዣንጥላ ላስገባ ብላም ተሳለች።

እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ የቀረውን ማንበብ ያዝኩ። ለካ ሴትየዋ ኢሲስ የምትባል የጥንት ግብፃውያን አምላክ ኖራለች፤ ሕፃኑም ሆረስ ልጇ። መጽሐፉ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን አድርጓታል። አንዳንዶች ክርስቲያኖች አሳሳሉን ከዚያ ወስደውት ይሆናል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ልጅ ማጥባት የእናት ሁሉ ነው ብለው ይከራከራሉ። ባወቅኩት ነገር ልቤ አብጦ፣ አንሶላ ስናሰጣ ነገርኳት። ምነው ያኔ አፌን በያዘው!

«ጣዖት ናት?» አለች። የጨመቀችውን አንሶላ አልለቀቀችም። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንን ነው ስለምን የከረምኩት? በኔ ጥፋት ነው ልጄ ዝም ያለችኝ በይኛ!»

የነፍስ አባታችን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አይዞሽ፤ እግዜር እንደኛ አድራሻ አይሳሳትም። ጸሎትሽን የሰማው እሱ ነው።»

«ከሰማማ ምነው ዝም አለ፣ አባ?»

እሳቸው መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት።

ሥዕሏን እናቴ ራሷ አወረደቻት። እህቴ እስከ ዛሬ አልደወለችም። ስንቱን ቢሮ ደጅ ጠናን መሰላችሁ! እሱም ይደክማል፤ ተስፋ ማድረጉም ይደክማል።

ከዓመታት በኋላ እናቴ አልጋ ያዘች። አንድ ከሰዓት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ «ያቺ ግብፃዊት፣ እሷም የጠፋባት ሰው ነበር?» አለችኝ።

«ነበር እማዬ። ባሏ ጠፍቶባት በአባይ ዳር ለዳር ስትፈልገው ኖረች።»

«አገኘችው?»

መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ። ወንድሙ ገድሎ፣ ቆራርጦ በትኖት፣ ስትለቅም የኖረችው ቁርጥራጩን ነው።

«አገኘችው» አልኳት።

«በጤናው?»

«በጤናው።»

«እሰይ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን እየከደነች። «አንዷ እንኳ ታግኝ።»