ቅጠሉን ዝቅ ያደረግሁ ለት

መስታወት ውስጥ ያስቀመጧት የእንሰት መፋቂያ ቀርከሃ ምንም አትሸትም። እኔ የማውቃት እጅ ላይ ሰንብቶ የማይለቅ ጎምዛዛ ሽታ ነበራት። ከተማችን ሶዶ ኮብልስቶን ሲነጠፍላት በነበረ ዓመት ነው፤ የልጅ ልጄ በዚያ ድንጋይ ላይ ደግፋ ወስዳ ሙዚየም አስገባችኝ። በንጉሡ ጊዜ ባሕር ማዶ፣ የዓለም አገር ሁሉ ያለውን ያሳየበት ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር። ያኔ ከእኛ የተላከውን ነው እንደገና ሰብስበው ያቆሙት።

ግድግዳው ላይ በፎቶ እህቴ ነበረች። ፊቷ የለም፣ ከአንገቷ በላይ ተቆርጧል። እጇና እንሰቱ የሚፋቅበት ሳንቃ ላይ የተነሳው እግሯ ብቻ።

እኛ ዘንድ ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ አይጠጋም። እግር ይነሳል፣ ቀሚስ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ጓሮ፣ ቅጠል ተጋርዶ ነው። ፎቶ አንሺው ከአውራጃ ሰዎች ጋር ሲመጣ እናቴ እንቢ አለች። እህቴ ግን ለጊፋታ በዓል ልትዳር ነበር፤ ሳቂታ ናት። "ባሕር ማዶ ማን ያውቀኛል? ፈረንጅ ሊያጨኝ ነው?" ብላ ተቀመጠች። ብቻ፣ "እግሬ እንዳይታይ" አለች። ቅጠሉን ይዤ የምጋርዳት እኔ ሆንኩ። ብርሃኑ በቅጠሉ አልፎ ጉልበቷን አረንጓዴ አድርጎት ነበር። ፎቶ አንሺው በእጁ ዝቅ አድርጊ አለኝ። ዝቅ አደረግሁ። ካሜራው ቀጭ አለ። ትልቅ ሰው አዘዘኝ፣ አወረድኩ፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ፎቶው ከመሄዱ በፊት በገበያ ቀን ሶዶ ላይ ተሰቅሎ እንደሚታይ የነገረን የለም። ያኔ ፊቷ አልተቆረጠም ነበር፤ ልጁን ሊድርላት የነበረው የቦዲቲ ሰውዬ አይቶ ለያት። ሽማግሌ ልኮ፣ "ገበያ ያየውን እግር ልጄ አያገባም" አለ። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት አልነበረም። እህቴ እዚያው እናታችን ቤት እንሰት ስትፍቅ ኖራ ሞተች። ስለ ቅጠሉ አንድም ቀን አላነሳችብኝም።

የልጅ ልጄ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ "እንሰት የምትፍቅ ሴት፣ ወላይታ።" አስጎብኚው ጠጋ ብሎ፣ "እማማ፣ ምናልባት ያውቋታል? ስሟን ፈልገን አጣን" አለኝ።

ፎቶው ጥግ ላይ ቅጠል የያዙ ትንንሽ ጣቶች ይታያሉ።

"አላውቃትም" አልኩት። እንባም አልመጣልኝም።

ወዲያው የወንድ ተማሪዎች ሰልፍ ገባ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስቼ፣ በሁለት እጄ ዘርግቼ ፎቶው ፊት ቆምኩ። የልጅ ልጄ አፍራ፣ "አያቴ፣ ሰው ያያል እኮ" አለችኝ።

"ስለሚያይ እኮ ነው" አልኳት።

ክንዴ ዛለ። የመጨረሻው ልጅ እስኪያልፍ አላወረድኩም።