አልወጣ ያለው የማር ሞጁል

ሮቤ የሄድኩት ለአንድ ዓመት ብዬ ነበር። ባለቤቴና ልጄ ደብረ ብርሃን ቀሩ። የተቀጠርኩበት የገበሬዎች ማኅበር ሲስተም ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠራ ነው፤ ስንዴው፣ ማሩ፣ ከብቱ የየራሱ ሞጁል፣ ለብቻው የሚነቀልና የሚሰካ የፕሮግራም ክፍል፣ አለው። አንዱ ሲታደስ ሌሎቹ ሥራ አያቆሙም፤ አሮጌው ይነቀላል፣ አዲሱ ይሰካል። መመሪያው ላይ እንዲህ ይላል። የተነቀለው ግን ከሜሞሪ አይወጣም! የማሩን ሞጁል ባደስኩ ቁጥር አሮጌው እዚያው ተጎልቶ ይቀራል፤ እየተደራረበ ሰርቨሩን ይጥለዋል። ሪራ ከሚባለው መንደር ማር ጭኖ የመጣ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝቼ መልቀቂያ ስጠይቅ ኃላፊያችን፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ጃባዱ!» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «በርታ ልጄ! ይሄን ሞጁል አድነህ ትሄዳለህ።»

አሮጌውን ማን እንደያዘው ለማየት የሜሞሪውን ግልባጭ አወጣሁ። ሞጁሉ ራሱ አስነስቶት ሳያስቆመው የሄደ ሰዓት ቆጣሪ አገኘሁ። አስቆምኩት፤ ጮቤ ረገጥኩ። ነቅዬ ባይ አሁንም አለ። ለካ ሰርቨሩም ከሱ የተረፈ ነገር ይዞ ኖሯል። ያንንም አስለቀቅኩ። አሁንም አለ! ስክሪኑ ደግሞ «ተነቅሏል» ይለኛል። ማልቀስ አማረኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ዓርብ ዓርብ ሰዉ ለጁምዓ ሲወጣ፣ አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳው ጀመር። ኃላፊው ከሰላት ሲመለሱ ሲስተሙ ይጋልባል።

«ማሻአላህ! እጅህ መድኃኒት ነው።»

«አልዳነም እኮ ጋሼ፣ አጥፍቼ ነው ያስነሳሁት።»

«ታዲያ አንተን ለቅቄ ማን ሊያስነሳልኝ ነው?»

አነሳሱን ለሌላ ሰው ላሳይ ብል ሁሉም ፈርቶ ሸሸ። በገዛ እጄ ታሰርኩ።

ለበዓል ፈቃድ አግኝቼ ቤቴ ገባሁ። በእናቷ ስልክ ማታ ማታ የምታወራኝ ልጄ ስታየኝ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ትለምደኛለች ብዬ ተውኳት። የራሴን ስልክ ዘግቼው ነበር፤ ምሳ ላይ የባለቤቴ ጮኸ። ቁጥሯን ቢሮ ትቼ ስለነበር ከሮቤ መሆኑን፣ ሰርቨሩም እንደወደቀ አወቅሁ። ልጄ ከተደበቀችበት ወጥታ፣ እኔን አልፋ ሮጠች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አባዬ!» አለች።