በላፕቶፕ ሆድ ውስጥ የታሰረው

ቢቸና ውስጥ እንደሚወራው ከሆነ፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስሯል፤ እስረኛውም የሰፈሩን ሐሜት ሁሉ እየሰማ ያጠራቅማል። አከራዩ እትዬ ብሩክታይት ግማሹን እንኳ አላመኑም። በወፍጮ ጩኸት የገዛ ሳሉን የማይሰማ ሰው የማንን ሐሜት ይሰማል? ቢሆንም ጎረቤት ስለነዘነዛቸው "ወይ አጥፋው፣ ወይ ቤቴን ልቀቅ" ሊሉት ክፍሉ ገቡ።

ሰውዬው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ነው፤ ቢያቦኩት ለሰርግ ይበቃል። አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ፍላሽ አንጠልጥሏል። የራሱ ጋቢ ተቀዷል፤ ለላፕቶፑ ግን ዱቄት እንዳይደርስበት ንጹሕ ነጠላ ጋርዶለታል።

"እውነት ውስጡ ሌላ አለ?"

"አለ እትዬ፤ እንደ ጓዳ ነው። የግቢው ተከራይ ፎቶውንም መዝሙሩንም እዚያ ያስቀምጣል፤ ያለ ኢንተርኔት በላፕቶፑ ዋይፋይ ብቻ በየስልኩ ይከፍተዋል። ጓዳው ቢበላሽ ቤቱ አይፈርስም። ቅጂው አንገቴ ላይ ስላለ መልሼ እሠራዋለሁ።"

የአገሩን ፎቶ ያኖረበትን "ሞጣ" የሚለውን ፎልደር ጣቱ ዘለለውና የእትዬ ብሩክታይትን ቤተሰብ ከፈተ። የሟች ባላቸው ፎቶ ብቅ አለ። ስልካቸው ጉድጓድ ሲገባ አብሮ ጠፋ ብለው ያለቀሱለት ነው፤ ለካ ልጃቸው ሄለን ቀደም ብላ አስቀምጣው ኖሯል።

"ጎረቤቱ 'ወይ ያጥፋው፣ ወይ ቤቱን ይልቀቅ' ይላል" አሉ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ።

"እኔን ያስወጡኝ እንጂ እሱን አላጠፋም" አለ ሰውዬው፤ ጎረቤቶች ጆሯቸውን የለጠፉበትንም በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ጮኸባቸው።

"ውሸታችሁን ነው! አንድም ሐሜት የለበትም። እኔ የማስቀምጠው የሚጠፋ ነገር ነው፤ የእናንተ ሐሜት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?"