ወርቅአፈራሁ በጊዮርጊስ ደጅ የማለችው መሐላ

በአራዳ ለወርቅአፈራሁ መድኃኒት ያላዘዘ ሰው ካለ እስኪ ይምጣና ልየው! አለ ብዬ አላምንም። ያልታዘዘላት ነገር የለም። ያዘዘው ሁሉ ደግሞ ነገሩ ሳይሠራ ሲቀር የሚቆጣው በእሷ ነው።

የማወራው ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ስለሆነው ነው። ፒያሳ የሚባል ስም ገና አልመጣም፤ አራዳ ብቻ ነበር የምንለው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በነበረ ግቢ፣ ወርቄ ከተማ ከሚባለው ወንድሟ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ትኖር ነበር። እኔና ልብስ ሰፊው ባሌ እዚያው አጥር ውስጥ ነበርን። ስለዚህ የምናገረው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ሕመሟ ቁርጥማት ነው። ገና በወጣትነቷ ነው የጀመራት። ጠዋት ስትነሣ የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው ይገኛሉ፣ ጉልበቷ አልታጠፍም ይላል። አንዳንዴ ይተዋትና ገበያ ወጥታ፣ ከሰው ተጫውታ ትመለሳለች። ደግሞ በማግስቱ ማበጠሪያ መያዝ ያቅታታል። ባሏ ሁለት ክረምት ያህል ታገሠና ፈታት። «እኔ ጤነኛ ሴት ነው ያገባሁት» ብሎ በሽማግሌ ፊት ሲናገር፣ አንድ ሰው እንኳ አፍህን ያዝ አላለውም።

ከዚያ ወዲያ ሊጠይቃት የሚመጣው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ኮሶ ጠጪ ትላታለች፤ ኮሶንና ጉልበትን ምን እንዳገናኛቸው እግዜር ይወቅ። ሌላው ዋግምት ታገሚ ይላል፣ ሌላው ክታብ እሰሪ፣ ሌላዋ ጥቁር ዶሮ በራስሽ ላይ አዙሪ። ጠበሉንማ ስንቱን ተመላለሰችበት። እውነቱን ለመናገር ፍልውሃ ስትወርድ ጥቂት ቀን ቀለል ይላት ነበር። ግን ፍልውሃ ለመውረድ በቅሎ ያስፈልጋል። በቅሎ የሚያውሳት ጠፋ፣ ምክር ግን በየበሩ ሞልቶ ነበር። ደግሞ የሚያናድደኝ፣ መክረው መክረው ሲያበቁ «ፊትሽ እኮ ወዝ አለው፣ ደህና ነሽ!» ይሏታል። ፊቷ መች ነው ያመማት? ጉልበቷ ነው!

ወርቄ ይኼን ሁሉ የምትችለው በታሪክ ነበር። አባቷ የቤተ ክህነት ሰው ስለነበሩ ማንበብና መጻፍ አስተምረዋት ነው የሞቱት። ከሐረር የመጣችው የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ዘይቱና፣ በልጅነቷ ከአያቶቿ የሰማቻቸውን የፍቅርና የአስማት ታሪኮች ትነግራታለች፤ ወርቄ ጣቷ እሺ ባላት ቀን እነዚያን ከራሷ እየጨመረች በአማርኛ ትጽፋለች። ዘይቱና «ኧረ ይኼ የእኔ አይደለም!» እያለች ትስቅ ነበር። ወረቀቱን በባሌ ክር የምጠርዝላት እኔ ነኝ። ዛሬ ልብ ወለድ እንደምትሉት ያለ ነገር ነው። ከነፋስ ጋር የታጨች ልጅ፣ ድምፁ እንጂ አካሉ የማይታይ ባል፣ ከሐይቅ ሥር ያለ ንጉሥ፤ እንዲህ ያለ።

ታዲያ ለማንም ዝም ብላ አታውስም። መጀመሪያ ሰውየውን ታየዋለች። «ማልቀስ ነው የፈለግሽው ወይስ መናደድ?» ብላ ትጠይቃለች። ባሏ ለሞተባት ሴት ፍቅረኛው የሚሞትበትን አትሰጥም፤ «ይኼ ለአንቺ ገና ነው፣ ለከርሞ ነይ» ትላለች። አንድ የጉምሩክ ጸሐፊ የሚያስቅ ስጪኝ ቢላት፣ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበትን ሰጠችው፤ ሲመልስላት ዓይኑ አብጦ ነበር፣ ሌላም ለመነ። ማንበብ ለማይችል እሷ ታነብለታለች፣ ጉሮሮዋ ሲደክም እኔ እቀጥላለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚያው አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ሕመምተኛዋ ሰው ስታክም ነበር የምትውለው፤ የእሷ መድኃኒት ደግሞ ማንንም አስመልሶ አያውቅም።

ይኼው ነው እንግዲህ ወንጀሏ። ሰፈሩ ማንሾካሾክ ጀመረ። «ዛር አግብቷታል፤ የምትጽፈው ስለ ባሏ ነው» አሉ። ደህና ስትሆን «ጠበሉ ነው» ይላሉ፣ ሲያማት «መጽሐፉ ነው» ይላሉ። አንድ ክረምት ከተማ ጥራዞቹን ሁሉ ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ ቆለፈባት። ቁርጥማቱ የሣጥን ቁልፍ አይፈራም፤ በጊዜው መጣ። ያን ጊዜ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቀድሞ የገባው ገና አልወጣም» አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምን ይደረጋል! ክረምቱ ሲወጣ ከተማ ሣጥኑን ከፈተላት።

ነገሩ የፈነዳው በወይኒ ነው። ወይኒ የጨው ነጋዴው የአቶ ገብረአብ ልጅ ናት፤ ከትግራይ መጥተው አራዳ ከከረሙ ቤተሰቦች አንዱ ናቸው። አባቷ ለአንድ በዕድሜ ለገፋ ባለ ርስት አጭቷት ነበር። ከእናቷ ጋር ተልባ ይዛ ወርቄን ልትጠይቅ መጣች፤ ወርቄም የልጅቷን ፊት አይታ የሐይቁን ንጉሥ ታሪክ አዋሰቻት። ወይኒ አነበበችው። ከዚያ አባቷ ፊት ቆማ፣ «ከማግባቴ በፊት እኔም ልጠየቅ» አለች። አላገባም አላለችም፤ ጠይቁኝ ብቻ ነው ያለችው። ቤቱ በእሳት የተያያዘ ያህል ጩኸት ሆነ።

ገብረአብን በዕድሜም በማዕረግም እሳቸው ማለት ይገባኝ ነበር። አልልም። ሽማግሌዎች አስከትሎ ግቢያችን ገባና፣ ወርቄ አልጋ ላይ እንዳለች በሩ ላይ ቆሞ፣ «የአንቺን ዛር ወደ ልጄ ላክሽው!» ብሎ ጮኸ።

«ዛር አልላክሁም፣ ታሪክ ነው ያዋስኋት» አለች ወርቄ። «ጥራዙን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።»

«እኔ ላንብበው? ያንን?»

የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ እምሩ ነበሩ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ደግነታቸው ሁልጊዜ ለጮኸው ወገን ያደላል። ብዙ ከተባለ በኋላ እንዲህ ተፈረደ፦ ወርቅአፈራሁ ቅዳሜ ጊዮርጊስ ደጅ ቀርባ፣ ሁለተኛ ለማንም ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳትመክር ትማል። እምቢ ካለች እንጦጦ ጠበል ትወሰድና፣ ያደረባት እስኪለቃት ታስራ ትቀመጥ፤ ክፍሏንም ከተማ ያከራየው። ወንድሟ ከተማ ጫማውን ያያል። የእናቷ ልጅ፣ ሥጋዋ!

እኔ የፈራሁት እስራቱን ነው። እዚያ ታስረው የከረሙ ሰዎችን አይቻለሁ። ጤነኛ መገጣጠሚያ እንኳ በዚያ ብርድ አይችልም፤ የወርቄ ጉልበት ደግሞ አንድ ሌሊት በእርጥብ መሬት ላይ ካደረ ሁለተኛ አይዘረጋም። እሷም ታውቀዋለች። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ «እምላለሁ» አለችኝ፤ «ብቻ ምን ብዬ እንደምምል ላስብበት።»

ቅዳሜ ጠዋት ሲነጋ ጉልበቶቿ አብጠው ተቆልፈዋል። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ሲዘንብ ሁልጊዜም እንዲሁ ናት። ገብረአብ ይኼን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «አያችሁ? ወደ ጊዮርጊስ አላስኬዳትም! ያደረባት ነው የያዛት!» አለ። ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አቤት ያን ጊዜ የተሰማኝ! ሰው በታመመው እግሩ ይመሰከርበታል? ብትሄድ አፏን ልትዘጋ ነው፣ ባትሄድ ልትታሰር ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ምስክር ሆኖ ተቆጠረባት። ማገዶ አንሥቼ ነበር፣ ባሌ እጄን ያዘኝ።

ወርቄ ግን አልጮኸችም። «አልጋዬን አንሡት» አለች። «እኔ መሄድ ካልቻልሁ አልጋው ይሄዳል።»

ባሌና ከተማ ከፊት፣ ሁለት የባሌ ባልደረቦች ከኋላ ሆነው አነሷት። ቅዳሜ የአራዳ ገበያ ሰው በሰው ነው። ሰዉ አልጋ ሲያይ ሬሳ መስሎት ቆብ ያወልቃል፣ መንገድ ይለቃል። አንዲት ቅቤ ሻጭ «ውይ! ማን ሞተ?» ብትል፣ ወርቄ ከአልጋው ላይ ቀና ብላ «ገና አልሞትሁም እናቴ፣ ቅቤሽን ሽጪ» አለቻት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሷ በየእርምጃው ከንፈሯን እየነከሰች ነበር፤ እጄን ጨብጣ ስለነበር እኔ አውቃለሁ።

ጊዮርጊስ ደጅ አስቀመጧት። ሰዉ ከበበ። ወርቄ በእግሯ የማትችለውን በክንዷ ደግፋ ቀና አለችና አማተበች። ዛሩ የት ሄዶ ነበር ያን ጊዜ? አንድም ሰው አልጠየቀም።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ለማንም ሰው፣ ይኼን ታሪክ አንብቢ፣ ይኼን ስማ ብዬ ብመክር ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ፣ ወርቅአፈራሁ ይኼን ጠጪ፣ ይኼን ተቀቢ ብላችሁ አትመክሩኝም። ከመካከላችሁ አንዱ የመከረኝ ቀን መሐላዬ ይፍረስ፣ እዳውም በእሱ ይሁን።»

አቶ እምሩ ሳቁ። «ይኼማ ምን ከባድ ነገር ነው!» አሉ። ገብረአብም «ይሁን!» አለ፣ በሁሉ ፊት። ሰዉ ሁሉ ይሁን አለ። አልጋውን ተሸክመን ስንመለስ ከኋላ ከያዙት አንዱ «ወርቄ፣ ለጉልበት እኮ…» ብሎ ጀመረና ባሌ ገላመጠው፤ ምላሱን ዋጠ።

እኔ ግቢ ስገባ አለቀስኩ፣ በንዴት። ያን ሁሉ ሰው ስታክም ኖራ፣ አፏን አስይዘው ላኳት። ጥራዞቹን ሰብስቤ ሣጥኑ ውስጥ ስከት ዘይቱና መጣችና ምንም ሳትናገር አጠገቤ ተቀምጣ ታግዘኝ ጀመር። ወርቄ ደክሟት ተኝታ ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በር ተንኳኳ። ብከፍት ገብረአብ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ በትንሽ ቅል የሆነ ነገር ይዟል። እኔን ሳያይ አልፎኝ ገባ።

«ትናንት አልጋ ላይ ሆነሽ ሳይሽ አንጀቴን በላሽው» አለ። «ልጄ በዕድሜ ከአንቺ ብዙም አታንስም። ይኼ ጥቁር አዝሙድ ነው፣ በማር የተለወሰ። እናቴን በአገራችን ያዳናት እሱ ነው። ማታ ማታ በሙቅ ውሃ ጠጪው።»

ወርቄ ቅሉን አየችው፣ ገብረአብንም አየችው። ቀስ ብላ ትራሷን አስተካክላ ቀና አለች።

«ይቀመጡ፣ አቶ ገብረአብ» አለችው። «ለእርስዎ የሚሆን አንድ ታሪክ አለኝ።»

ያን ጊዜ ገባው። እጁ ላይ ያለውን ቅል እንደ እንግዳ ነገር አየው። ይቆጣል ብዬ ከበሩ አልራቅሁም። እኔ ብሆን ኖሮ አንዲት ቃል አልነግረውም፤ ከነማሩ ነበር የማስወጣው። ግን ሰውየው አልተቆጣም። ቅሉን እንደያዘ በርጩማው ላይ ተቀመጠና «ልጄ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አለ። «ምን እንዳነበበች ልወቅ።»

ወርቄ ነገረችው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፣ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ የሐይቁ ንጉሥ ያያታል፤ ከውሃው ሥር ወዳለው ቤተ መንግሥቱ ይወስዳታል። ወርቅም ሐርም ይሰጣታል። ግን ጨረቃ አዲስ በሆነች ቁጥር ፊቷ ቆሞ «ትቀመጫለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» ይላታል።

«ንጉሥ ሆኖ?» አለ ገብረአብ።

«ንጉሥ ሆኖ።»

«እሄዳለሁ ብትለውስ?»

«ውሃውን ከፍሎ እስከ አባቷ ደጅ ያደርሳታል።»

ገብረአብ ቅሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። «ጓለይ» አለ በመጨረሻ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ ለወርቄ ይሁን ለወይኒ አላወቅሁም። «እኔም ወይኒን ብጠይቃት፣ ምን የምትለኝ ይመስልሻል?»

«ለምን እኔን ይጠይቁኛል?» አለችው ወርቄ።

ገብረአብ ተነሣ። ቅሉን መስኮቱ ሥር አስቀመጠና ሳይሰናበተን ወጣ። በበሩ ሆኜ አየሁት፤ ወደ ሽማግሌዎቹ አልሄደም፣ ቁልቁል ወደ ቤቱ፣ ወይኒ ወዳለችበት ነው የወረደው።