የጋሼ መንገሻ ሽቶ

ልጅ ሳለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ማን ምን እንደሠራ በሩ ሳይከፈት ከኮሪደሩ ሽታ አውቅ ነበር። የኤልሳልቫዶሮቹ የበቆሎ ቂጣ፣ የጥግ ቤቷ ሴትዮ የልብስ ሳሙና፣ ከፊት ለፊታችን ደግሞ የእትዬ አቦነሽ ሽንኩርት። እሳቸው ሽንኩርት ካቁላሉ የእኛም ቤት ኮትና ቦርሳ ሳይቀር ይሸታል። ትምህርት ቤት ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዙብኝ ነበር፤ እኔ ግን ስመለስ ያ ሽታ ገና ከሊፍቱ ሲቀበለኝ ልቤ ይረጋጋል።

ባላቸው ጋሼ መንገሻ ሆቴል ውስጥ ጥገና ይሠሩ ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ያኔ ከሕንጻው ጀርባ፣ ከፓርኪንጉ አጠገብ፣ የሁላችንም የሆነ የከሰል መጥበሻ ነበር። ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ከሰሉን ያያይዛሉ፣ እኛ ልጆች ሣሩ ላይ ከበናቸው እንቀመጣለን፣ ጢሱ ወደኛ ሲዞር ቦታ እየቀየርን፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ አባታቸው ዓባይ በረሃ ወርደው ድኩላ ያደኑበትን ዘመን ያወሩልናል።

ከሁሉ የማልረሳው የሙሽራውን ተረት ነው። አንድ ሙሽራ የጫጉላው ቅቤ ገና ከአናቱ ሳይደርቅ አደን ልሂድ አለ። «ተው፣ ትሸታለህ» ቢሉት «እኔ የምሸተው ለሚስቴ ነው» ብሎ ቁጥቋጦ ሥር ተደበቀ። ድኩላዋ ከማዶ አፍንጫዋን አነሣችና «እንኳን ደስ ያለህ ሙሽራው!» ብላው መንገዷን ቀጠለች። ቅቤው ሸቶት የመጣው ጅብ ብቻ ነው፤ ሙሽራውም ዛፍ ላይ አደረ። ጋሼ ይህን እያወሩ የጅቡን አፍንጫ በራሳቸው አፍንጫ ሲያሳዩን በሳቅ እንወድቅ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የጋሼ ነገር ተለወጠ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ ግን የትልቅ ሴት ዓይን ነበር። መጀመሪያ የወትሮውን ኮሎኝ ተዉ። ቀጥለው ምንም የማይሸት ሳሙና ገዙ። ከዚያ አንድ ሙሉ ልብሳቸውን ከደረቅ ቅጠል ጋር በፕላስቲክ ቋጥረው ባልኮኒ ላይ ሰቀሉ። ዓርብ ማታ ደግሞ እትዬን «ዛሬ እንኳ ሽንኩርት ባታቁላይ» ብለዋቸው እትዬ ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ። ቅዳሜ «ኦቨርታይም አለኝ» ብለው ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው፤ ፓርኪንግ ውስጥ ልብስ ቀየሩ፣ ከመኪናው ኋላ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ፣ ከፍተው አሸተቱ፣ መልሰው በጨርቅ ጠቅልለው ደበቁት።

ረፋዱ ላይ እትዬ ጸጉሬን እየሠሩኝ ነበር።

«እትዬ፣ ጋሼ ሽቶ የሚቀቡት መኪና ውስጥ ነው እንዴ?»

እጃቸው አናቴ ላይ ቀረ። «የምን ሽቶ?»

«በትንሽ ጠርሙስ ያለ። ልብስም የሚቀይሩት እዚያው ነው።»

እውነቱን ልናገርና፣ እንደዚያ ጆሮ ሲሰጡኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሳሙናውን አነሣሁ፣ የባልኮኒውን ልብስ አነሣሁ፣ ያየሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት።

«ለካ የኔ ሽንኩርት ነው የገማው!» አሉ። «የኔን ጠረን ታጥቦ ነዋ ወደሷ የሚሄደው!»

ተነሥተው ተጣጣፊ ሞባይላቸውን ከፈቱና እዚያው ቅርብ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለችውን እህታቸውን «ነይ ውሰጂኝ» አሏት። እኔ ግማሽ ራሴ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደቆመ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «አንቺ ልጅ! የሰው ትዳር አፈረስሽ እኮ!» ከእትዬ ቤት ሻንጣ ሲጎተት፣ የቁም ሳጥን በር ሲዘጋ በኮሪደሩ በኩል ይሰማኛል፤ እያንዳንዱ ድምፅ የኔ ሥራ ነው።

እህትየው የቀለበት መንገዱ ቤልትዌይ ተጨናንቆባት የደረሰችው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ልጆቹ መጥበሻው ጋ ነበሩ፤ እኔም ተደብቄ መቅረት አቅቶኝ ወርጃለሁ። ሻንጣው ሊጫን ሲል የጋሼ መኪና መጣ።

«አምጣው!» አሉ እትዬ፣ ጋሼ ገና የመኪናውን በር ሳይከፍቱ።

«ምኑን?»

«ሽቶውን! ለሷ የምትቀባውን!»

ጋሼ ሻንጣውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። የመኪናውን ኋላ ከፈቱ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የአደን ቀስት ነው። እትዬ ግን ቀስቱን ከምንም ሳይቆጥሩ ጠርሙሱን መንጭቀው ከፈቱና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ኤጭ! ምንድን ነው ይሄ?»

«አቦነሽ፣ ልጆች አሉ…»

«ምንድን ነው አልኩህ!»

«ሽንት ነው።»

«የማን?»

«የአጋዘን። ሥራ ቦታ አንድ ፈረንጅ ሰጠኝ። የሴቷን ሲሸተው ወንዱ ይመጣል ብሎ።»

እህትየው ሻንጣውን እንደያዘች «በይ፣ ሌላ ሴትስ አለችው!» አለች። ፓርኪንጉ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ግን አልሳቁም።

«ሽንኩርቴስ?» አሉ ቀስ ብለው። «የቤቴ ጠረን ነው የሚያሳፍርህ?»

«አጋዘኑ እንዳይሸሽ ብዬ ነው እንጂ! ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ምንም ሳልሸት ስውል፣ ሰው የሌለኝ መስሎኝ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለነዚህ ልጆች ያን ሁሉ አውርቼ ባዶ እጄን ብመጣስ?»

«አሁንስ በምን መጣህ?»

«በባዶ እጄ።»

ያኔ ነው እትዬ የሳቁት፤ ሲስቁ መኪናውን ተደግፈው ዕንባቸው እስኪወርድ። ሻንጣው ወደ ላይ ተመለሰ። የቀረውን ጸጉሬን እዚያው ፍሙ አጠገብ ተቀምጠው ጨረሱልኝ፤ ከወትሮው አጥብቀው ስለጎተቱኝ ሌላ ቁጣ አላስፈለገኝም።

ልጆቹ ጋሼን «ታዲያ ጠርሙሱ ጠራው ወይስ አልጠራውም?» ብለው ወጥረው ያዟቸው። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከሩቅ መጥቶ ነበር አሉ፤ አንገቱን ሰግጎ እያሸተተ ሲቀርብ ነፋሱ ከኋላቸው ዞረና አጋዘኑ ብን ብሎ ጠፋ። ጠርሙሱ አመጣው፣ እሳቸው አባረሩት ማለት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ «አብሬ ካልሄድኩ» አሉ። ጋሼ ጠርሙሳቸውን ይዘው ዛፍ ላይ ሲወጡ እትዬ ሜዳው ዳር መኪና ውስጥ ቀሩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ መስኮት ከፍተው የምስር ወጡን ሲከፍቱት ሁለት ሴት አጋዘኖች ከጫካው ብቅ ብለው ቆመው ያዩዋቸው ጀመር። ጋሼ ያን ቀን ያዩት ሽኮኮ ብቻ ነው። የጠመንጃው አደን ወቅት የገና ጾም ስለሚገባበት ነበር ቀስት የያዙት፤ የቀስቱም ጊዜ ያለ ሥጋ አለቀ። እትዬ ክረምቱን ሙሉ «የኔ ምስር ከሽንትህ በለጠ» እያሉ አሳቁን።

ዛሬ ጋሼና እትዬ ስፕሪንግፊልድ ቤት ገዝተው አብረው አሉ። እኔ ትምህርቴን ብዙ አልገፋሁበትም፤ አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ፣ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ጋሼን ሽታ ይሠራል ወይ ብላቸው «ነፋሱ ከተስማማ» ይላሉ፤ እትዬ ደግሞ ያለ ማንም ጥሪ ጓሮ ገብቶ ጎመናቸውን የሚጨርሰውን አጋዘን ያሳዩኛል። እኔ የማምነው ያበላኝን፣ የእትዬን ምስር ነው።

ከዚያ ቀን የቀረኝ ግን ሌላ ነው። ማየቱን አልተውኩም፤ ዓይን የተሰጠው ሰው ምን ያድርግ። ሆኖም አንድ ሰው አንድ ነገር ሲደብቅ ካየሁ ያ የሻንጣ ድምፅ ትዝ ይለኛልና፣ ወደ ሚስትየዋ ሳልሮጥ ራሱን «ምንድን ነው እሱ?» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከጠረጠርኩት ይልቅ የሚያስቅ ነው። ካሳቀኝ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ፤ መጀመሪያ የምነግራት ግን ሚስቱን ነው፣ ቀድማ እንድትስቅ።